ዕፅ የተቋረጠበትን ጨቅላ ስለ ማባበል

እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ሄሮይን ወይም ሐኪም ያዘዘላትን ሜታዶን ትወስድ የነበረች እንደ ሆነ፣ እትብቱ ሲቈረጥ ዕፁም ከሕፃኑ ይቋረጣል። ሄሮይን ከሆነ ባብዛኛው በ1 ቀን ውስጥ፣ ሜታዶን ከሆነ በ2 ወይም በ3 ቀን ይንቀጠቀጣል፤ በቀጭን ድምፅ ያለ ዕረፍት ያለቅሳል፤ መጥባትም መተኛትም ያቅተዋል። ይህን «ሱሰኛ ሆኖ ተወለደ» ማለት ስሕተት ነው፤ ሰውነቱ ለመደ እንጂ ሕፃኑ ዕፅ አልፈለገም።

የአሜሪካ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ምልክቶቹን በነጥብ እየቈጠሩ፣ ነጥቡ ከፍ ሲል ሞርፊን ይሰጡ ነበር። ኋላ የተነሣው ዘዴ ግን ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ በሚገባ ጠባን? 1 ሰዓት ያህል ተኛን? ሲያለቅስ በ10 ደቂቃ ውስጥ አባብለውት ጸጥ ይላልን? ይህ ካልሆነ አስቀድማ የምትታዘዘው መድኃኒት እናቲቱ ራሷ ናት። ክፍሉ ደብዘዝ ይላል፤ ጫጫታ ይቀራል፤ ገላዋን ከገላው አድርጋ ታቅፈዋለች፤ ወይም በጨርቅ ጠቅልላ እሹሩሩ ትለዋለች፤ በራበውም ጊዜ ሁሉ ታጠባዋለች። እንግዲህ በኀፍረት አንገቷን የደፋችውን ሴት ገላምጦ ከሕፃኑ የሚያርቅ አስታማሚ ምን እንደሚነሣው አስቡት! ሞርፊን የሚመጣው ይህ ሁሉ ሳይበቃ ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው የ26 ሆስፒታሎች ጥናት፣ በቀድሞው ዘዴ ከ100 ሕፃናት 52ቱ መድኃኒት ሲያስፈልጋቸው በአዲሱ 19.5 ብቻ ሆኑ፤ ለመውጣት የበቁትም በ14.9 ቀን ፈንታ በ8.2 ቀን ነው። ጡት ማጥባቱ ግን እናቲቱ በሕክምና ላይ ጸንታ ሌላ ዕፅ የማትወስድ ስትሆን ነው።