የአዲስ አበባና የላሊበላ የአየር ርቀት አቈጣጠር

የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ በ9ኛው፣ የላሊበላው በ12ኛው የሰሜን ኬክሮስ ዲግሪ አጠገብ ይገኛሉ፤ በኬንትሮስ ግን እምብዛም አይለያዩም። አንዱ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ርቀቱ በቀጥታ 333 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደሴና በወልድያ የሚዞረው የመኪና መንገድ ግን ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር አይሮፕላን ይህን ርቀት በ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ መነሣቱና ማረፉ ሲታከልበት አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። ይሁን እንጂ ማረፊያው ሹምሽሃ ላይ ስለሚገኝ፣ ወደ ላሊበላ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የዳገት መንገድ ይቀራል።

ስለዚህ ነጋዴ ለደንበኛው ቀን ሲቈርጥ፣ የበረራውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከመጋዘን እስከ መጋዘን ያለውን ጊዜ ሁሉ ይቍጠር። ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ውድ ወይም ፈጥኖ የሚበላሽ ዕቃ ለአየር ጭነት ይስማማል፤ እህልንና ስኳርን የመሰለው ከባድ ጭነት ግን የመኪና ድርሻ ነው።