የድራማው ጥገኛ ወይስ የድራማው ምንጭ? የ«ዶክተር ሁ» ተጓዳኝ ልብ ወለዶች ኅትመት

መግቢያ

በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ተመሥርተው በባለመብቱ ፈቃድ የሚታተሙ ልብ ወለዶች (ከዚህ በኋላ «ተጓዳኝ ልብ ወለዶች») በሥነ ጽሑፍ ጥናት ብዙ ትኩረት አያገኙም፤ በአብዛኛው የሚታዩትም የድራማው ተቀጽላ የሆኑ ሸቀጦች ተደርገው ነው። ይህ ጽሑፍ ቢቢሲ በ1963 ማሰራጨት የጀመረውን «ዶክተር ሁ» የተሰኘ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ድራማ በማሳያነት ወስዶ፣ የመጽሐፉ ጥገኝነት ቋሚ አለመሆኑን ያሳያል። የሁለቱን ግንኙነት የሚወስኑት አንባቢው ድራማውን የማየት ዕድሉና የኅትመት ፈቃዱ በማን እጅ መሆኑ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በትዝታ ምትክ

የመጀመሪያውን መጽሐፍ በ1964 ያሳተመው የድራማው ጽሑፍ አርታኢ የነበረው ዴቪድ ዊታከር ነው። ዊታከር ታሪኩን በአንደኛ መደብ፣ በአንዱ ገጸ ባሕርይ አንደበት ተረከው፤ ገጸ ባሕርያቱ የሚገናኙበትንም ሁኔታ ለወጠው። ይሁን እንጂ ኅትመቱ የተስፋፋው ታርጌት የተባለው የመጻሕፍት ዘርፍ በ1973 ሦስቱን የ1960ዎቹ መጻሕፍት ደግሞ ካሳተመና ከ1974 ጀምሮ አዳዲሶችን ማውጣት ከያዘ በኋላ ነው። ቴራንስ ዲክስ ብቻውን ከ60 በላይ መጻሕፍት ጽፏል።

የዚህ ተፈላጊነት ምክንያት በመጻሕፍቱ ይዘት ብቻ አይገለጽም። በዘመኑ የቆዩ ክፍሎች በድጋሚ የሚታዩት ከስንት አንዴ ነበር፤ የ«ዶክተር ሁ» የመጀመሪያው የቪዲዮ ካሴት ለሽያጭ የቀረበው በ1983 ነው፤ ቢቢሲም በርካታ የ1960ዎቹን ቅጂዎች ደምስሷል። ስለዚህ ለብዙው አንባቢ ያለፈው ድራማ የሚገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ነበር።

ድራማው ሲቋረጥ

ተከታታዩ በ1989 ተቋረጠ። ወደ መጽሐፍ ያልተቀየሩት ታሪኮች ጥቂት ስለነበሩ ቨርጂን አሳታሚ አዲስ ታሪክ ያላቸው ልብ ወለዶችን ለማሳተም ፈቃድ አግኝቶ በ1991 ጀመረ። የአርታኢው ፒተር ዳርቪል ኢቫንስ ዋነኛ ውሳኔ ከዚህ በፊት ላላሳተሙ ጸሐፍት በሩን መክፈት ነበር። ፖል ኮርኔልና ማርክ ጌቲስ የመጀመሪያ ልብ ወለዶቻቸውን ያሳተሙት በዚሁ መንገድ ነው፤ ራስል ቲ ዴቪስም በ1996 አንድ መጽሐፍ አበርክቷል። የተከታታይነት ሸክሙ አሁን በመጽሐፉ ላይ ወደቀ፤ አንባቢውም ከልጅ ወደ አዋቂ ተሸጋገረ።

ፈቃዱ ሲመለስ

የ1996ቱ የቴሌቪዥን ፊልም ከወጣ በኋላ ቢቢሲ ፈቃዱን ወደ ራሱ መለሰና ከ1997 ጀምሮ በራሱ የመጻሕፍት ክፍል ማሳተም ቀጠለ። ቨርጂን ግን ኮርኔል በ1992 የፈጠራትን ቤርኒስ ሰመርፊልድን ማዕከል አድርጎ እስከ 1999 ድረስ ቀጠለ። ዶክተሩ ከመጻሕፍቱ ወጣ፤ ቤርኒስ ቀረች። የባለቤትነት ወሰን በልብ ወለድ ሴራ ላይ የሚያሳድረውን ጫና ከዚህ በላይ ግልጽ የሚያደርግ ምሳሌ አይገኝም።

ድራማው በ2005 ሲመለስ የመራው ዴቪስ ነበር። በ2007 ደግሞ ኮርኔል የ1995 ልብ ወለዱን «ሂውማን ኔቸር»ን ራሱ ለቴሌቪዥን አዘጋጀው። ዶክተሩ ሰባተኛው መሆኑ ቀርቶ አሥረኛው ሆነ፤ ቤርኒስም ከታሪኩ ወጣች። የግንኙነቱ አቅጣጫ ተገለበጠ፤ መጽሐፉ ምንጭ፣ ድራማው ተከታይ ሆነ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ማሳያ ሁለት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ተጓዳኝ ልብ ወለድን ከድራማው ጋር በማነጻጸር ብቻ መመዘን፣ ድራማው በማይታይባቸው ዓመታት መጽሐፉ የተሸከመውን ሚና ይሰውራል። ሁለተኛ፣ በፈቃድ የሚጻፍ ሥራ ለአዲስ ጸሐፊ መለማመጃና መታወቂያ ይሆናል፤ ነገር ግን የፈጠረው ዓለም የራሱ አይደለም፤ የጸሐፊው ድርሻ የሚለየው ባለመብቱ ፈቃዱን መልሶ በሚወስድበት ቀን ነው። ስለሆነም የእነዚህ ሥራዎች ጥናት ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ውሉንም ማንበብ ይኖርበታል።