የሕንፃ ፈቃድ ሲታገድ ነጋዴ ሊጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች

አንድ ከተማ የመኖሪያ ቤት ሥራ ፈቃድ መስጠቱን ለጊዜው አቆመ የሚል ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ ሲሚንቶና ብረት ያስመጣ ነጋዴ ይጨነቃል፤ በአዲሱ መንደር ሱቅ የተከራየውም ገበያው ይርቀዋል። ይሁን እንጂ እገዳ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህንኑ ለመረዳት በዩናይትድ ስቴትስ የካሊፎርኒያን ሕግ በምሳሌነት እንመልከት።

አንደኛ፤ ያገደው ማን ነው? በካሊፎርኒያ የከተማ ምክር ቤት የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱን በሚያጠናበት ጊዜ፣ ከታሰበው ዕቅድ ጋር የሚጋጭ ሥራ እንዳይጀመር አስቸኳይ ደንብ ለማውጣት ይችላል። ነገር ግን ተራ የድምፅ ብልጫ አይበቃም፤ ከአምስቱ እጅ አራቱ መስማማት አለባቸው። ለሕዝብ ጤና፣ ደኅንነት ወይም ደህና ኑሮ የሚያሰጋ ነገር በእርግጥ መድረሱንም መግለጽ ግዴታ ነው።

ሁለተኛ፤ እስከ መቼ ነው? የመጀመሪያው እገዳ 45 ቀን ብቻ ይጸናል። ከዚያ በኋላ ለሕዝብ ተነግሮ አስተያየት ከተሰማ 10 ወር ከ15 ቀን፣ ቀጥሎም አንድ ዓመት ሊራዘም ይቻላል፤ ጠቅላላው ከሁለት ዓመት አይበልጥም። ልዩነቱ ለነጋዴ ቀላል አይደለም። በዓመት 8 በመቶ ወለድ 100,000 ዶላር የተበደረ ሰው፣ ለ45 ቀን 986 ዶላር ያህል ወለድ ሲከፍል፣ ለሁለት ዓመት ግን 16,000 ዶላር ይከፍላል።

ሦስተኛ፤ ምክንያቱ ምንድን ነው? ብዙ ቤተ ሰቦች በአንድነት የሚኖሩባቸውን ሕንፃዎች የሚነካ እገዳ እንዲራዘም ከተፈለገ፣ በጤና ወይም በደኅንነት ላይ የሚደርሰው ጉዳት በማስረጃ መረጋገጥና ሌላ በቂ መፍትሔ አለመኖሩ መታወቅ አለበት። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ወደ ሠፈራችን አይምጡ ማለት ብቻ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ የቤት እጥረት ባለባቸው ከተሞች ይህን ሥልጣን ይበልጥ አጥብቦታል፤ እገዳው የሚፈቀደው ጤናንና ደኅንነትን የሚያሰጋ ቅርብ አደጋ ሲኖር ነው፤ የክፍለ ግዛቱ የቤቶች መሥሪያ ቤትም ካልፈቀደ በሥራ ላይ አይውልም።

የታገደ ሁሉ ካሣ ያገኛል ማለትም አይደለም። በታሆ ሐይቅ አካባቢ ለ32 ወራት የቆየ እገዳ ክርክር አስነሥቶ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ዓ.ም. ጊዜያዊ እገዳ በመሆኑ ብቻ ካሣ እንደማያስከፍል፣ ይልቁንም የእያንዳንዱ ጉዳይ ሁኔታ ተመዝኖ እንደሚወሰን በ6 ለ3 ድምፅ ፈርዷል።

በውሃና በመንገድ እጥረት የተጨነቀ ከተማ ለማሰብ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ቤት አጥቶ በውድ ዋጋ የሚከራየው ሰው ግን የእያንዳንዱን ወር ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ በወሬ ተመርቶ ዕቃውን በኪሳራ አይሸጥም፤ አስቀድሞ የደንቡን ጽሑፍ ያነባል፤ ውል ሲዋዋልም ፈቃድ ቢታገድ የመዘግየቱን ወለድ ማን እንደሚሸከም በግልጥ ያጽፋል።