ስለ ሴደር፥ ስለ ጥድና ስለ ዝግባ አከፋፈል

የዛፉ ስም ተለይቶ ባልታወቀበት ስፍራ የደኑ ቍጥር አይታመንም። ስለዚህ ሴደር የተባለው ዛፍ በዕፀዋት ትምህርት እንዴት እንደሚከፈል፥ ከአገራችን ጥድና ዝግባም በምን እንደሚለይ ከዚህ ቀጥሎ ተጽፏል።

የዕፀዋት ሊቃውንት ዛፍን የሚከፍሉት በቁመቱ ወይም በእንጨቱ መዓዛ አይደለም፤ በፍሬው፥ በዘሩና በቅጠሉ አበቃቀል ነው እንጂ። በጠባይ የሚቀራረቡትን ሰብስበው ቤተ ሰብ ይሉታል፤ ቤተ ሰቡን በወገን፥ ወገኑንም በዓይነት ይለዩታል።

አንደኛ፤ እውነተኛው ሴደር በላቲን ሴድሩስ ይባላል፤ ቤተ ሰቡም የፓይን ነው። በሊባኖስ፥ በአትላስና በሂማላያ ተራሮች የሚበቅሉ ዓይነቶች አሉት፤ የቆጵሮሱን ግን አንዳንዶች ራሱን የቻለ ዓይነት፥ ሌሎች የሊባኖሱ ክፍል ያደርጉታል። ቅጠሉ እንደ መርፌ ሆኖ ባጭር ቅርንጫፍ ላይ ተሰብስቦ ይበቅላል፤ ፍሬው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በደረሰም ጊዜ በዛፉ ላይ ሳለ ፈርሶ ክንፍ ያለውን ዘር ይበትናል።

ሁለተኛ፤ የሐበሻ ጥድ ዩኒፔሩስ ፕሮሴራ ይባላል፤ ቤተ ሰቡ የሳይፕረስ ነው። የትልቁ ዛፍ ቅጠል እንደ ዓሣ ቅርፊት ከቅርንጫፉ ጋራ ይጣበቃል፤ ሰማያዊና ጥቁር የሆነውን ፍሬውን ወፎች ይበሉታል። እንግሊዞች የአፍሪካ የእርሳስ ሴደር ይሉታል፤ ይሁን እንጂ በስም ነው እንጂ በወገን ሴደር አይደለም። ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድም ከዚሁ ቤተ ሰብ ሲሆን በወገን ይለያል፤ ፍሬው እንደ እንጨት የደረቀ ነውና።

ሦስተኛ፤ ዝግባ ከሁለቱም ቤተ ሰብ ውጭ ነው፤ ቤተ ሰቡ የፖዶካርፐስ ነው። ቅጠሉ ቀጭንና ረዘም ያለ ነው፤ ፍሬውም አንድ ዘር ብቻ ይይዛል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የሊባኖስን ዛፍ ዝግባ ብሎ ስለ ተረጐመው ሁለቱ ለብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል።

ይህ ልዩነት የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። የጥድ እንጨት ምስጥን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ዝግባ ግን ለሳንቃ መልካም ሲሆን በመሬት ውስጥ ቢተከል ምስጥ ፈጥኖ ይበላዋል። ለአጥር ምሰሶ ዝግባ ያስቈረጠ ሹም ዛፉንም ገንዘቡንም ያጠፋል። ደግሞም የሐበሻ ጥድ ብዙውን ጊዜ ወንዱና ሴቱ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ፍሬ አይሰጥም ተብሎ ወንዱ ሁሉ ቢቈረጥ የቀረችው ሴት የሚበቅል ዘር አትሰጥም።

ስለዚህ ስለ ደን የሚጻፈው መግለጫ ሁሉ የሐበሻ ጥድ፥ የፈረንጅ ጥድ፥ ዝግባ እያለ ለይቶ ያስረዳ። ጥርጥር ያለበትም ሹም ፍሬ ያለበትን ትንሽ ቅርንጫፍ በወረቀት መካከል አድርቆ፥ የተቈረጠበትን ስፍራና ቀን ጽፎ ከመግለጫው ጋራ ያያይዝ።