የቀን ርዝመትና የማሽላ አዘራር

ለግብርና ልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

በብዙ ቆላማ ወረዳዎች ገበሬው ነባሩን ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ነው። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ያንኑ ዘር በሰኔ መጨረሻ ይዘራል፤ አገዳው ይቆማል፣ ፍሬው ግን በሚገባ አይሞላም። ምክንያቱ የዝናብ ማነስ ብቻ አይደለም፤ የቀን ርዝመትም ድርሻ ስላለው በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንገልጻለን።

ማሽላ የአጭር ቀን ተክል ነው። ነባሮቹ ዝርያዎች ሌሊቱ እስኪረዝም ድረስ ቅጠልና አገዳ ያበጃሉ እንጂ ራስ አያወጡም። በ9 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ የቀኑ ርዝመት በሰኔ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቢሆንም ለእነዚህ ማሽላዎች በቂ ምልክት ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሐሩር አገሮች ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ብዙ ማሽላዎች በዚያ ረጅም የበጋ ቀን ራስ በጊዜ ባለማውጣታቸው፣ ይህን ጠባይ በማዳቀል ለመለወጥ በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ ተጀምሮ ነበር።

ስለዚህ ነባሩ ዘር ዘግይቶ ቢዘራም ራስ የሚያወጣበት ወቅት ብዙ አይለወጥም። የሚያጥረው የእድገት ዘመኑ ነው፤ ቅጠሉ ይቀንሳል፣ ራሱ ያንሳል፣ ሥሩም ሳይጠልቅ ዝናቡ ያቆምበታል። እንደ 76ቲ1 ቁጥር 23ና መልካም ያሉት ቶሎ ደራሽ ዝርያዎች ግን በ4 ወር ገደማ ውስጥ ስለሚደርሱ ለዘገየ ዝናብ ይስማማሉ።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. በሚያዝያ በቂ ዝናብ ከጣለ ነባሩ ዘር ይዘራ። ዝናቡ እስከ ሰኔ ከዘገየ በቶሎ ደራሽ ዘር ይተካ።

2. ማኅበሩ ቶሎ ደራሹን ዘር በየካቲትና በመጋቢት አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ በሰኔ መፈለግ ጊዜን ያባክናል።

3. ከሌላ አካባቢ የመጣ ዘር በትንሽ መደብ ይሞከር። ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ከ20 ቀን በኋላ ይዘራ። ሁለቱም ራስ የሚያወጡት በተቀራራቢ ቀን ከሆነ ዘሩ ለቀን ርዝመት ተገዢ ነው፤ በ20 ቀን ያህል ከተለያዩ ግን አይደለም።

4. ጥቅጥቅ ያለ ቡቃያ ብርሃን ይሻማል። በመስመር መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 15 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ይሳሳ፤ አረሙም ቀድሞ ይነቀል።

የልማት ሠራተኞች የተዘራበትን፣ ራስ ያወጣበትንና የደረሰበትን ቀን በየዓመቱ መዝግበው ቢይዙ፣ በቀጣዩ ዓመት ለገበሬው የሚሰጡት ምክር በአካባቢው ልምድ ላይ የተመሠረተ ይሆናል።