የታይሮይድ ሆርሞን ማነስና የመድኃኒቱ ትክክለኛ መጠን

አንዲት እናት ሁለት የመድኃኒት ማሸጊያ ይዘው ወደ እኛ መጡ። ከአዲስ አበባ የመጣላቸው «0.1 ሚሊ ግራም» ይላል። እዚህ ጅቡቲ፣ ራስ ዲካ የተገዛላቸው ደግሞ «100 ማይክሮ ግራም» ይላል። «መቶ እንዴት ይዋጣል?» ብለው ፈርተው መድኃኒቱን ካቆሙ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ፊታቸው አብጧል፣ ድምፃቸው ጎርንኗል፣ በዚህ ሙቀት ጋቢ ደርበዋል። አንድ ሚሊ ግራም 1000 ማይክሮ ግራም ስለሆነ ሁለቱ እንክብሎች እኩል ናቸው። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም።

የታይሮይድ ዕጢ ከማንቁርታችን በታች፣ በአንገታችን ፊት ለፊት ይገኛል። የሚያመነጨው ሆርሞን ሲያንስ ሰውነት ሥራውን ያዘገያል። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የክብደት መጨመርና የወር አበባ መዛባት ይታያሉ። ነገር ግን የደም ማነስም፣ ሐዘንም ሰውን ያደክማሉ፤ ስለዚህ ያለ ደም ምርመራ በግምት መድኃኒት አይጀመርም። እንቅርት ያለበት ሁሉም የሆርሞን ማነስ የለበትም፣ የሆርሞን ማነስ ያለበትም ሁሉ እንቅርት አያወጣም። አዮዲን ያለው ጨው ለሁላችንም ያስፈልጋል፤ የታዘዘውን እንክብል ግን አይተካም።

መድኃኒቱ ሌቮታይሮክሲን ይባላል። በማሸጊያው ላይ ሌቮቲሮክስ፣ ኤልትሮክሲን ወይም ኢውቲሮክስ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለአዋቂ ሰው ሙሉው መጠን በአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 1.6 ማይክሮ ግራም ይጠጋል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ገደማ ማለት ነው። አረጋውያንና የልብ ሕመም ያለባቸው ግን ከ25 ወይም ከዚያ በታች ጀምረው ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢሰጣቸው ልባቸውን ሊጎዳ ይችላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ይህ ነው።

መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው «ቲ ኤስ ኤች» በሚባለው የደም ምርመራ ነው። ይህ ሆርሞን አንጎል ሥር ካለች ዕጢ ወጥቶ ታይሮይድን «ሥራ!» እያለ ያዛል። ስለዚህ ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ መድኃኒቱ አንሷል፣ በጣም ዝቅ ካለ በዝቷል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ አዲሱ መጠን የሚረጋውም ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «አልተሻለኝም» ብለው በራስዎ አይጨምሩ። የልብ ድው ድው ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ላብና እንቅልፍ ማጣት ከመጡ ቶሎ ወደ ክሊኒክ ይምጡ።

አንዳንድ ጊዜ መጠኑ ልክ ሆኖ አወሳሰዱ ያበላሸዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ውጠው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ። ቡና አፍቃሪዎች ይቅርታ አድርጉልን፤ ቡናም ይጠብቃል። የብረትና የካልሲየም እንክብል ደግሞ በአራት ሰዓት መራቅ አለበት። ለጿሚዎች፣ ክርስቲያንም ሆኑ ሙስሊም፣ ከራት ሦስት ሰዓት በኋላ ሲተኙ መውሰድ ይቻላል። ዋናው ነገር ሰዓቱን አለመለዋወጥ ነው። አንድ ቀን ቢረሱ በማግስቱ እጥፍ አይውሰዱ።

ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ይህን መድኃኒት ያደክሙታል። በጋ በጅቡቲ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ከዚያ ይብሳል። እንክብሉን ከማሸጊያው አስቀድመው አያውጡ። በደንብ በሚዘጋ ዕቃ አድርገው፣ ከግድግዳና ከምድጃ ርቆ በቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ባለው ቦታ ያስቀምጡ።

የመድኃኒቱ ዓይነት ሲቀየርም ይንገሩን። እ.ኤ.አ. በ2017 በፈረንሳይ የሌቮቲሮክስ ማጣበቂያ ንጥረ ነገሮች ሲለወጡ፣ ሆርሞኑ ያው ሆኖ ሳለ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ታካሚዎች ስሞታ አሰምተዋል። ዓይነቱ ከተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ደም ማስመርመር ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን የምትወስዱ እናቶች፣ ማርገዛችሁን ባወቃችሁበት ቀን ወደ ክሊኒክ ኑ፤ ቀጠሮ አትጠብቁ። የጽንሱ አንጎል በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ስለሆነ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከሩብ በላይ መጨመር አለበት። ለእርግዝና የሚሰጣችሁን የብረት እንክብልም ከዚህኛው ጋር በአንድ ጊዜ አትዋጡ።

በጎ ፈቃደኞች፣ ቤት ለቤት ስትሄዱ «መድኃኒት ትወስዳላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ማሸጊያውን አስወጡና ቁጥሩን፣ ሚሊ ወይም ማይክሮ መሆኑን፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አንብባችሁ በታካሚው ካርድ ላይ ጻፉ።