የጋምቤላ ፊደል በሁለት ኮምፒዩተር

በጋምቤላ የሚነገረው ኑዌርኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ ለክፍቱ «ኤ» ድምፅ ልዩ ምልክት አለው። የዩኒኮድ ቍጥሩ 603 ነው። አንድ ባይት ከ255 በላይ ስለማይዝ፣ ቍጥሩ 2 እና 91 ተብሎ በሁለት ባይት ይከፈላል፤ ይኸውም 2 ጊዜ 256 ሲደመር 91 ነው።

በዩኒክስ ይሠሩ ከነበሩት ኮምፒዩተሮች ሰን ስፓርክ 2ን ያስቀድም ነበር፤ ዴክ አልፋ ግን 91ን። እንግዲህ ፕሮግራሙ ከሜሞሪ ወደ ፋይል እንዳለ ያፈሰሰው እንደ ሆነ፣ ሌላው ኮምፒዩተር 23298 ብሎ ያነበዋል። ይህ የቻይና ፊደል ነው! የአያቱን ተረት የጻፈ ተማሪ «ኮምፒዩተር ቋንቋችንን አይችልም» ቢል ማን ይፈርድበታል? ቋንቋው ግን በደል የለበትም።

ፕሮግራም ጻፊው ቍጥሩን ለ256 ያካፍል፤ ድርሻውን በፊት፣ ቀሪውን በኋላ ይጻፍ። ሲያነብም የፊተኛውን በ256 አባዝቶ ሁለተኛውን ይደምር። ስሌቱ በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። ለአዲስ ጽሑፍ፣ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 የነደፉት ዩቲኤፍ 8 የባይቱን ተራ አስቀድሞ ስለ ወሰነ ከዚህ ድካም ያሳርፋል።